አርባ አንደኛዋ ምስክር

ሥራዬ ጣት ነው፤ አስተያየት የለኝም።
ሲናገሩ እጽፋለሁ፤ ሲያለቅሱ አልጽፍም።
ለእንባ ቁልፍ የላትም ይቺ የጽሕፈት መኪና፣
ለሳልም፣ ለትንፋሽም፤ ቃል ብቻ ነውና
የሚከፈለኝ።

የካቲት ነው። በፕላት ወንዝ ዳር በረዶ ይጥላል፤
የምክር ቤቱ ደረጃ ላይ ጨው ተነስንሶ ነጭ በነጭ ሆኗል።
ከመስካሪው ወንበር ፊት አምፖሎች አሉ፣ ሦስት፦
አረንጓዴው "ተናገር"፣ ቢጫው "ቶሎ በል"፣ ቀዩ "በቃህ" ለማለት።
ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ። ዕድሜም ቢሆን በዚያው ልክ ይታጠፋል፤
ቀብርም ቢሆን፣ ወሊድም ቢሆን፣ ቀዩ ሲበራ ይቆረጣል።

ዶክተር ሊንድኩዊስት ከኪርኒ መጣ፣
መነጽሩን አውልቆ ከረቂቁ አንዲት ቃል አወጣ።
"'አስቸኳይ' ይላል" አለ፣ "አንቀጽ አራት።
ስንት ብርጭቆ ደም ነው አስቸኳይ? ንገሩኝና ልጻፋት
መዳፌ ላይ፤ ነርሷ ስትጠራኝ በውድቅት
እንዳነባት።
ሁለት ብርጭቆ እስኪፈስ ልጠብቅ? ሦስት? ወይስ ትኩሳት
አርባ እስኪገባ? ጠበቃችን ስልክ አያነሣም በእንቅልፍ ሰዓት።"
"ጥያቄዎ ተመዝግቧል" አሉ ሊቀመንበሩ።
እውነት ነው፤ መዝግቤዋለሁ። ቀጣዩን ስም ጠሩ።

አንድ የከብት ነጋዴ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አኑሮ፣
ያለ ጊዜዋ የተወለደች ልጁን ፎቶ አሳየ፣ ድምፁ ተሰብሮ፤
"የምትከራከሩት ስለዚች ነው" አለ። አልዋሸም።
የሰው ሐዘን ከሰው ሐዘን ጋር አይዋጋም፤
የሚያዋጋው ሌላ ነው፤ እሱ ግን ቀርቦ አይመሰክርም።

ፋርማሲ የምትሠራ ልጅ መጣች፣ ከኦጋላላ፤
የወሊድ መቆጣጠሪያውን ክኒን ከመደርደሪያው ኋላ
አለቃዋ ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ እንደከተተ ተናገረች።
"ሕጉ ገና አልወጣም" ብትለው "ይወጣል" አላት።
ቢጫው በራ፤ አቋረጠች።

አርባ አንደኛዋ ቬርዳ ሽሚትኬ ነበረች።
ስሟን ፊደል በፊደል እየቆረሰች ሰጠችኝ፤
"የተማሪ አውቶቡስ እነዳለሁ፣ ሃያ ስድስት ዓመት" አለች።
አረንጓዴው በራ።
እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤
ዝም አለች።

ጠበቅሁ። ጣቴን አነሣሁ እንደ ሯጭ እግር።
አንዱ ሴናተር ሳለ። አንዷ ስልኳን ገለበጠች።
የግድግዳው ሰዓት ብቻ ነበር
የሚናገር።

በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤
ሕግ ግን ይገባል።
በማኅተም፣ በንዑስ አንቀጽ፣ በፊርማ ይገባል፤
አልጋ ሥር ይንበረከካል፣ የወር አበባ ይቆጥራል።

"ሆድ ይፍጀው" ይሉ ነበር ያሳደጉን ሴቶች፣
ወሬው እዚያ ሲደርስ እየላኩን ወደ ዶሮዎች።
ሆድም ፈጀው።
አክስቴን ሚሎስላቫን ፈጀ፣ አንድ ሞቴል ውስጥ፣ ከመንገድ ዳር።
መዝገቡ "የትርፍ አንጀት ሕመም" ይላል፤ እስካሁን እንዲያው ይነበባል።
ያኔም አንድ ጸሐፊ ነበር።

ቢጫው በራ።
የቬርዳ ከንፈር ተላቀቀ፤ ሊወጣ የነበረው ተመልሶ ገባ።
ቀዩ በራ።
ካፖርቷን አነሣች። ዐይኗ ላይ አልነበረም እንባ።

እኩለ ሌሊት። ጽዳት ሠራተኛው ሬንደል ወንበር ያነባብራል፤
ወድቆ ያገኘውን ጓንት መስኮቱ ላይ ያኖራል፤
"አንዷ ትፈልገዋለች" ይላል።
ገጹን ከፈትኩ። ደንቡ ግልጽ ነው፦ የተነገረ ብቻ ይጻፋል።
ሃያ ሁለት ዓመት አንድም ቀን አልጣስኩትም።
ከስሟ ሥር፣ ማንም ሳያዘኝ፣ አንዲት መስመር ጻፍኩ፦

"ለሦስት ደቂቃ ምስክሯ እዚህ ነበረች"

አራት ነጥቡን አኖርኩት፤ አጠፋሁት፤
መልሼ አኖርኩት፤ አጠፋሁት፤ ተውኩ።

ነገ ያርሙት ይሆናል።
ውጭ መኪናዬ በረዶ ለብሳ ቆማለች፤
መጥረጊያው ከመስተዋቱ ጋር ተጣብቋል፤ በጥፍሬ እፍቃለሁ።